ድልን ወይስ ጥረትን? ታዳጊ የትግል ስፖርተኞችን የማበረታታት ሳይንስ

ትግል የሰው ልጅ ካወቃቸው እጅግ ጥንታዊ ስፖርቶች አንዱ ነው። ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ708 ዓመት በኦሊምፒያ ጨዋታዎቻቸው ውስጥ አካትተውታል። እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክም ቦታ አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ሴቶች በኦሊምፒክ መድረክ ይወዳደሩበታል። በሀገራችን ገጠርም ከብት እያገዱ ያደጉ ልጆች በመስክ ላይ ትግል መግጠምን ያውቁታል።

ትግልን ከሌሎች ስፖርቶች የሚለየው ግን ጥንታዊነቱ ብቻ አይደለም። በእግር ኳስ የተሸነፈ ልጅ ሐዘኑን ከአሥር የቡድን ጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። ሯጭም አምስተኛ ቢወጣ እንኳ ሰዓቱን በማሻሻሉ ሊጽናና ይችላል። በትግል ምንጣፍ ላይ ግን የሚቆሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ዳኛው የአንዱን እጅ ወደ ላይ ያነሣል፤ ሌላው በሕዝብ ፊት ተሸናፊነቱ ይታወጅበታል። ይህ ዕጣ የደረሰው የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ከሆነ፣ ከምንጣፉ ሲወርድ ከአሠልጣኙ ወይም ከወላጁ አንደበት የሚሰማት የመጀመሪያ ቃል ምን ልትሆን ይገባታል? ያሸነፈውስ ልጅ ምን ሊባል ይገባዋል?

ጥያቄው የትሕትና ወይም የርኅራኄ ጥያቄ ብቻ ይመስል ይሆናል። ሆኖም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ገደማ በሙከራና በመለኪያ ሲመረምሩት ቆይተዋል። በዚህ ጽሑፍም ከደረሱባቸው ፍሬ ነገሮች ጥቂቶቹን ለመዳሰስ እንሞክራለን።

የድልና የሽንፈት ሒሳብ

ነገሩን ከቀላል ስሌት እንጀምር። በአንድ ግጥሚያ አንድ አሸናፊና አንድ ተሸናፊ አለ። በመሆኑም በአንድ ሀገር በዓመት ውስጥ የተደረጉ የትግል ግጥሚያዎች ሁሉ ቢደመሩ የድሉ ቁጥር ከሽንፈቱ ቁጥር ጋር ፍጹም እኩል ይሆናል። አሠልጣኞች ሁሉ የቱንም ያህል ቢተጉ፣ ልጆችም ሁሉ የቱንም ያህል ቢሻሻሉ ይህ ስሌት አይለወጥም። 32 ልጆች በጥሎ ማለፍ ውድድር ቢሰለፉ 31 ግጥሚያዎች ይደረጋሉ፤ 31 ልጆችም ተሸንፈው ይወጣሉ። እንግዲህ «ዋናው ማሸነፍ ነው» የሚል አሠልጣኝ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ከ32ቱ ልጆች ለ31ዱ የወራት ልፋታቸው ከንቱ እንደነበረ እየነገራቸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሥነ ሕይወታዊ ነው። በትግል ተወዳዳሪዎች የሚመደቡት በክብደት ነው። ክብደት ግን የሰውነትን ዕድገት ሙሉ በሙሉ አይገልጽም። የቁመት ዕድገት እጅግ የሚፈጥንበት ጊዜ በወንዶች በአማካይ በ14 ዓመት ገደማ፣ በሴቶች ደግሞ በ12 ዓመት ገደማ ነው። ይህ አማካይ ሲሆን አንዱ ልጅ ከሌላው በሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በአንድ የክብደት ምድብ ከተሰለፉ ሁለት የ13 ዓመት ወንድ ልጆች መካከል አንደኛው የጉርምስናን ደጃፍ ተሻግሮ ጡንቻው በቴስቶስቴሮን መጎልበት ጀምሮ ሳለ፣ ሌላው ገና ልጅነቱን አልጨረሰ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ የሚገኝ ድል ብዙ ጊዜ የሚነግረን የማን ሰውነት ቀድሞ እንደበሰለ እንጂ የማን ጥበብ እንደላቀ አይደለም። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ በሽንፈት ተሰላችቶ በ13 ዓመቱ ስፖርቱን ቢተው፣ በ18 ዓመቱ ምን ሊሆን ይችል እንደነበረ ማንም ሳያውቅ ይቀራል።

«ጎበዝ» እና «በርታ»

ለመሆኑ ሙገሳ ሁሉ አንድ ነውን? እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ተከታታይ ሙከራዎችን አሳተሙ። ተሳታፊዎቹ በአሜሪካ የሚማሩ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ልጅ መጠነኛ ክብደት ያላቸው የቅርጽ እንቆቅልሾች ተሰጡት፤ ልጆቹም ሁሉ ጥሩ እንደሠሩ ተነገራቸው። ከዚያም ለአንደኛው ቡድን ልጆች ብልህ ስለሆኑ እንደተሳካላቸው፣ ለሁለተኛው ቡድን ጠንክረው ስለሠሩ እንደተሳካላቸው ተገለጸላቸው፤ ለሦስተኛው ቡድን ምንም ተጨማሪ ነገር አልተባለም። ልዩነቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የታየው ግን ትንሽ አልነበረም። ልጆቹ የሚቀጥለውን ሥራ እንዲመርጡ ሲጠየቁ፣ ለጥረታቸው ከተመሰገኑት ውስጥ ከመቶ 90 የሚበልጡት ቢከብድም ትምህርት የሚገኝበትን ሥራ መረጡ። ለብልህነታቸው ከተመሰገኑት ውስጥ ግን ከመቶ 67 ያህሉ የመረጡት ጥሩ ሆነው የሚታዩበትን ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም እጅግ ከባድ የሆኑ እንቆቅልሾች ተሰጥተዋቸው አልተሳካላቸውም። በመጨረሻም ከመጀመሪያዎቹ ጋር በክብደት እኩል የሆኑ እንቆቅልሾች ሲቀርቡላቸው፣ የብልህነት ሙገሳ የተቀበሉት ልጆች ውጤት ከራሳቸው የመጀመሪያ ውጤት ዝቅ ሲል፣ የጥረት ሙገሳ የተቀበሉት ግን ከቀድሞው የተሻለ ሠሩ። ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ በጽሑፍ እንዲገልጹ ሲጠየቁም፣ ስለ ብልህነታቸው ከተመሰገኑት ከመቶ 38 ያህሉ ከፍ አድርገው ዋሹ፤ በጥረት ከተመሰገኑት የዋሹት ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ይህን ወደ ቋንቋችን ብናመጣው የሚያስገርም ነገር እናያለን። ያሸነፈን ልጅ «ጎበዝ!» እንለዋለን። ቃሉ ሰውየውን የሚገልጽ ነው፤ ማንነትን እንጂ ሥራን አያነሣም። «በርታ!» የምንለው ግን ብዙ ጊዜ ለተሸነፈው ነው። ሁለተኛው ቃል ወደ ፊት የሚደረግ ነገርን ያመለክታል፤ የመጀመሪያው ግን ያለቀ የደቀቀ ፍርድ ነው። ዛሬ በማሸነፉ ጎበዝ የተባለ ልጅ ነገ ቢሸነፍ ምን ሊሆን ነው? ሙከራው እንደሚያመለክተው ይህን ጥያቄ ልጁ ራሱ ሳይነገረው ይጠይቃል፤ ስለዚህም ከባድ ተጋጣሚን መሸሽ ይጀምራል።

ምክንያትን ፍለጋ

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በርናርድ ዋይነር ለዚህ ክስተት ማብራሪያ የሚሆን ንድፈ ሐሳብ አዳብረዋል። በእርሳቸው ትንታኔ መሠረት ሰው ሲሳካለትም ሆነ ሲሸነፍ «ለምን?» ብሎ ምክንያት ይፈልጋል። የሚያገኛቸው ምክንያቶችም በሦስት መመዘኛዎች ይለያያሉ፤ ይኸውም ምክንያቱ በውስጣችን ነው ወይስ ከውጭ፣ የሚለዋወጥ ነው ወይስ የጸና፣ በቁጥጥራችን ሥር ነው ወይስ አይደለም በሚሉት ነው።

የተሸነፈች ታዳጊን ምሳሌ እናድርግ። «ተሰጥዖ የለኝም» ብትል ምክንያቱ በውስጧ ያለ፣ የማይለወጥና ከቁጥጥሯ ውጭ የሆነ ነው፤ እንግዲህ ለነገው ልምምድ የምትነሣበት ሰበብ የላትም። «ዳኛው በድሎኛል» ብትል ምክንያቱ ከውጭ ነው፤ እርሷ የምታርመው ነገር አይኖርም። «ጭንቅላቴን ዝቅ አድርጌ ስለገባሁ አንገቴን ያዘችኝ፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎችም ትንፋሽ አጠረኝ» ብትል ግን ምክንያቱ የራሷ ሆኖ ሳለ ሊለወጥ የሚችልና በእጇ ያለ ነው። ሽንፈቱ ያው አንድ ሽንፈት ነው፤ በማግስቱ የሚያስከትለው ተግባር ግን የተለያየ ነው። አሠልጣኝ በጥረት ላይ ሲያተኩር የሚያደርገው ዋና ነገር ይህ ነው፤ የልጁን ዓይን ሊቆጣጠረው ወደሚችለው ምክንያት ይመልሳል። የግጥሚያው ውጤት ግማሹ በተጋጣሚው እጅ ያለ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ሙሉ በሙሉ የልጁ ነው።

117 ድሎችና አንድ ሽንፈት

በትግል ታሪክ ውስጥ የአሜሪካዊው ዳን ጌብል ስም ብዙ ጊዜ ይነሣል። ጌብል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 64 ጊዜ፣ በአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 117 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1970 በኢቫንስተን ከተማ በተደረገው የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ በዩኒቨርሲቲ ትግሉ የመጨረሻው በሆነው ግጥሚያ፣ ላሪ ኦዊንግስ በተባለ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተወዳዳሪ 13 ለ11 ተሸነፈ።

የሚለካው በውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ቀን የታሪኩ መዝጊያ በሆነ ነበር። ጌብል ግን ወደ ልምምድ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በ68 ኪሎ ግራም ነጻ ትግል አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በኋላም እስከ 1997 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆኖ ቡድኑን ለ15 የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ድሎች አብቅቷል። በእርግጥ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ሳይንሳዊ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከተሸነፉ በኋላ ጠንክረው ሠርተውም ያልተሳካላቸው ብዙዎች ናቸውና። ሆኖም አንድ ነገር ያሳየናል። 117 ድሎች ያልገለጡትን ጉድለት አንድ ሽንፈት ሊገልጠው ይችላል፤ ሽንፈቱን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ መረጃ ለሚቀበል ሰው።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሜዳ

እንቆቅልሽና ስፖርት ለየቅል ናቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። በዚህ ረገድ በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮናልድ ስሚዝ እና ፍራንክ ስሞል የሠሩት ሥራ ጠቃሚ ነው። ጥናታቸው የተካሄደው በታዳጊዎች ቤዝቦል እንጂ በትግል አልነበረም፤ የመረመሩት ጉዳይ ግን የአሠልጣኝና የልጅ ግንኙነት በመሆኑ ለእኛም ርእስ ይጠቅማል።

ተመራማሪዎቹ ለአሠልጣኞች አጭር ሥልጠና ሰጡ። የሥልጠናው ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፤ ድልን ሳይሆን አቅምን ሁሉ መስጠትን ስኬት ብሎ መቁጠር፣ ለመልካም ሙከራና ለጥረት ወዲያውኑ ዕውቅና መስጠት፣ ከስሕተት በኋላ በማበረታታት ማረም፣ ቅጣትንና ስድብን ማስወገድ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ጥናታቸው እንደሚያሳየው፣ ካልሠለጠኑት አሠልጣኞች ዘንድ ከነበሩት ልጆች በሚቀጥለው ዓመት 26 በመቶው ወደ ስፖርቱ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ከሠለጠኑት ዘንድ የቀሩት ግን 5 በመቶው ብቻ ነበሩ። የሁለቱ ወገን ቡድኖች በአሸናፊነት አልተለያዩም፤ ስለዚህ ልዩነቱ በድል ብዛት ሊብራራ አይችልም። ቀደም ሲል ባካሄዱት ጥናትም ልጆች አሠልጣኛቸውን መውደዳቸው ቡድኑ ከሚያገኘው ድል ጋር እምብዛም ዝምድና እንደሌለው ተመልክተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሥልጠናው ትልቁ ፍሬ ልጆቹ ወደ ሜዳ ተመልሰው መምጣታቸው ነው። ከላይ ያነሣነው ዘግይቶ የሚያድግ የትግል ልጅም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሰውነቱ እስኪበስል ድረስ በስፖርቱ ውስጥ መቆየት።

ውጤት ብቻ ሲነግሥ

በውጤት ብቻ የመመዘን ልማድ የሚያስከትለው ጉዳት ቅሬታና ተስፋ መቁረጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። በትግል ስፖርት ግን ሕይወትንም አስከፍሏል። ዝቅ ባለ የክብደት ምድብ ተሰልፎ ከቀለለ ተጋጣሚ ጋር ለመግጠም ሲባል፣ ከውድድር በፊት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ክብደትን በላብ የመቀነስ ልማድ ለረጅም ዘመን ተስፋፍቶ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የትግል ስፖርተኞች በዚህ መንገድ ክብደት ለመቀነስ ሲጥሩ ሕይወታቸው አለፈ።

የአደጋው አሠራር ግልጽ ነው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። ወጣቶቹ አየር የማያስገባ ልብስ ለብሰው በሞቃት ክፍል ልምምድ ያደርጉ ስለነበር ላቡ ይወጣል እንጂ አይተንም፤ ሙቀቱም አይወገድም። ውኃ ስለማይጠጡ የደማቸው ፈሳሽ መጠን ይቀንሳል፤ ልብ የቀነሰውን ደም ለጡንቻም ለቆዳም ለማዳረስ ከአቅሙ በላይ ይመታል፤ የሰውነት ሙቀትም እየናረ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር ይህን መሰሉን ልብስና የእንፋሎት ክፍል ከለከለ፤ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪም ዝቅተኛ ክብደት እንዲወሰን አደረገ። በኋላም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሰውነት ስብ ለወንዶች ከ7 በመቶ፣ ለሴቶች ከ12 በመቶ በታች እንዳይወርድ ተደንግጓል።

ሕግ አስፈላጊ ነው። ሆኖም እነዚያ ወጣቶች ሰነፎች አልነበሩም፤ ጥረታቸው ከልክ ያለፈ ነበር። በመሆኑም «ጥረት ይወደስ» ስንል ሥቃይ ይወደስ ማለታችን አይደለም። ሊወደስ የሚገባው ጥበብን የሚያሳድግ ጥረት ነው። በላብ የወረደ ኪሎ አንድም አዲስ ጥበብ አያስተምርም፤ የሚገዛው የአንድ ቀን ውጤትን ብቻ ነው።

ጥረትን ማወደስም ልክ አለው

ሳይንስ ሚዛናዊነትን ይጠይቃልና የዚህን አስተሳሰብ ወሰንም ማንሣት ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪክቶሪያ ሲስክ እና ባልደረቦቿ ብዙ ጥናቶችን አጠቃልለው ሲመረምሩ፣ «ችሎታ በጥረት ያድጋል» የሚለው እምነት ከትምህርት ውጤት ጋር ያለው ዝምድና በአማካይ ደካማ ሆኖ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዴቪድ ዬገር መሪነት 12,000 ያህል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ፣ ይህን እምነት የሚያስተምር አጭር ትምህርት የደካማ ተማሪዎችን አማካይ ነጥብ በ0.1 ገደማ ብቻ ከፍ እንዳደረገ አሳይቷል። እንግዲህ ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም ተአምር አይደለም።

ከዚህም ባሻገር የጥረት ሙገሳ በአፍላ ወጣቶች ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ጄሚ አሜሚያ እና ሚንግቴ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳመለከቱት፣ ትንሽ ልጅ «ጠንክረሃል» ሲባል ደስ ይለዋል፤ ወጣት ግን «ችሎታ ስለሌለህ ነው ይህን ያህል የደከምከው» ማለት አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። በተለይም ሽንፈትን ለመሸፋፈን ብቻ የሚነገር «ዋናው መሞከርህ ነው» የሚል ባዶ ቃል ከማጽናናት ይልቅ ያዋርዳል። ልጆች ሐሰተኛ ሙገሳን ይለያሉ። ያልጣረውን ልጅ ጥረሃል ማለትም የአሠልጣኙን ቃል ዋጋ ከማሳጣት በቀር የሚፈይደው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከላይ ካየናቸው ጥናቶች በመነሣት አሠልጣኝ፣ ወላጅም ሆነ ተወዳዳሪው ራሱ ሊተገብራቸው የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከግጥሚያ በፊት ግብ ሲወጣ በልጁ ቁጥጥር ሥር ያለ ይሁን። «አሸንፍ» ከማለት ይልቅ «በመጀመሪያው ዙር ሦስት ጊዜ ቀድመህ እግር ለመያዝ ሞክር፤ ከወደቅህ ወዲያው ለመነሣት ታገል» ማለት ይሻላል። ይህ የሚቆጠር ነው፤ የተሸነፈም ልጅ ሊፈጽመው ይችላል፤ ያሸነፈም ልጅ ሳይፈጽመው ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሙገሳው ዝርዝርና እውነተኛ ይሁን። «ጎበዝ ነሽ» ከሚለው ይልቅ «ባለፈው ወር ያስቸግርሽ የነበረውን አያያዝ ዛሬ ሁለት ጊዜ አምልጠሽዋል» የሚለው ቃል ልጅቷ ነገ ልትደግመው የምትችለውን ነገር ያሳያታል።

ሦስተኛ፣ አሸናፊውም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። በጉልበቱ ብልጫ ብቻ ያሸነፈ ልጅ ጥበቡን ካላሻሻለ፣ እኩዮቹ በጉልበት ሲደርሱበት የሚይዘው አይኖረውም። ድሉ ይከበርለት፤ ቀጥሎም «ምን ተማርህ?» ይባል።

አራተኛ፣ ጥረት ብቻውን ካልሠራ ዘዴው ይለወጥ። ያንኑ ስሕተት አብዝቶ መደጋገም ትጋት አይባልም። የአሠልጣኝ ድርሻ «ጨምር» ማለት ብቻ ሳይሆን «በዚህ በኩል ሞክረው» ብሎ መንገድ ማሳየትም ነው።

አምስተኛ፣ ተወዳዳሪው ማስታወሻ ይያዝ። ከግጥሚያ በኋላ «አሸነፍሁ» ወይም «ተሸነፍሁ» ብሎ ብቻ የሚመዘግብ ልጅ ከብዙ ደቂቃ ትግል ያተረፈው አንዲት ቃል ብቻ ናት። የሠራለትን አንድ ነገርና የሚያርመውን አንድ ነገር ቢጽፍ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ዕቅድ አገኘ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ማለት ድል አይፈለግ ማለት አይደለም። ልጆች ማሸነፍን ይወዳሉ፤ መውደዳቸውም ተፈጥሯዊ ነው። ነጥቡ ድልን በቀጥታ ማዘዝ አይቻልም የሚለው ነው። ሊታዘዝ የሚችለው ወደ ድል የሚወስደው ሥራ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል በትግል ምንጣፍ ላይ የቆሙት ጥቂቶች ይሆናሉ። ነገር ግን የትምህርት ውጤት መግለጫ ካርድ ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ሁሉ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ያውቀዋል። 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው፤ ሁሉም ተማሪ ዕውቀቱን በእጥፍ ቢያሳድግ እንኳ አንደኛው አንድ ሆኖ ይቀራል። የትግሉ ስሌት በክፍላችን ውስጥም ይሠራል ማለት ነው። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ፣ የዘንድሮውን ካርድ ይዘው ሲመጡ ሌላ ጥያቄ ብትጠይቋቸው ምናልባት ሌላ መልስ ትሰሙ ይሆናል፦ «ዘንድሮ የከበደህ ምን ነበር? እንዴትስ አድርገህ ቻልኸው?»